አንድ ሜትር ወይስ አምስት ሜትር? ካናቢስ ደጅ ላይ ሲበቅል ለምን እንደ ዛፍ ይገዝፋል

ካናዳ ካናቢስን ሕጋዊ ለማድረግ ስትሰናዳ በረቂቅ ሕጉ ውስጥ አንድ ለየት ያለ አንቀጽ ነበር። አንድ ቤተሰብ እስከ አራት ተክል ማብቀል ይችላል፤ ነገር ግን የአንዱም ቁመት ከ100 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም ይላል። ሜትር ይዞ በየጓሮው የሚዞር ፖሊስ ማሰብ ራሱ ፈገግ ያሰኛል። ገደቡ ረቂቁ በፓርላማ ሲመረመር ተሰረዘ፤ ሕጉ በጥቅምት ወር 2018 ሥራ ላይ ሲውል የቀረው የተክሉ ቁጥር ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕግ ቁጥርን ገድቦ ቁመትን ዝም ሲል የሚሆነው ግልጽ ነው፤ አራት ብቻ የተፈቀደለት ሰው እያንዳንዱን ማግዘፍ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ሦስትና አራት ሜትር የደረሱ፣ በመሰላል ካልሆነ ጫፋቸው የማይነካ የካናቢስ ተክሎች ምስል በየጊዜው እየወጣ ሰውን ያስደንቃል። ያው ዝርያ በአንድ ክፍል ውስጥ በመብራት ሲያድግ ከወገብ ላያልፍ ይችላል።

ልዩነቱን ብዙ ሰው በማዳበሪያ ወይም «ኦርጋኒክ» በሆነ አመራረት ያመካኛል። ማዳበሪያ ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሌሊት ነው። ይህን ለመረዳት ወደ አንድ የትምባሆ ማሳ፣ ወደ አንድ የአረም ቅጠልና ወደ አኩሪ አተር ጎራ ማለት ያስፈልጋል። ጽሑፉ የአመራረት መመሪያ አይደለም፤ ተክሉን ማብቀል ዛሬም በብዙ አገሮች በወንጀል ያስቀጣል።

ካናቢስ ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ካናቢስ ሳቲቫ ብሎ የመዘገበው ተክል አንድ ነው፤ አገልግሎቱ ግን ሁለት ነው። ለገመድ፣ ለጨርቅና ለዘይት የሚመረተው ሄምፕ ይባላል፤ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ሌላው ይኸው ንጥረ ነገር የበዛበት፣ ለማስከሩ የሚፈለገው ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ2018 ጀምሮ የሁለቱን ድንበር በደረቅ ክብደት 0.3 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። ድንበሩን ያሰመረው ሕግ አውጪ ነው፤ በተፈጥሮ ዘንድ እዚያ ላይ የተተከለ ችካል የለም።

ለጉዳያችን የሚጠቅሙት ሁለት ጠባዮቹ ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘርቶ የሚሞት ተክል ነው፤ የዛፍ ቁመት ቢኖረውም የዛፍ ዕድሜ የለውም። ሁለተኛ፣ አበባ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ቁመት መጨመሩ ለጥቂት ሳምንታት ከቀጠለ በኋላ ይቆማል። ስለዚህ «ለምን ገዘፈ?» የሚለው ጥያቄ «ለምን ሳያብብ ቆየ?» ከሚለው ጋር አንድ ነው።

ያ ሁሉ ክብደት ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ አንድ የቆየ ስሕተት እናቃና። ተክል አፈር በልቶ የሚያድግ ይመስለናል። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ተመራማሪ ቫን ሄልሞንት ይህን በሚዛን ፈተነው። 90 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አፈር በገንዳ አድርጎ ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ 76 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ። አፈሩ ሲደርቅና ሲመዘን የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም ነበር።

እርሱ ዛፉ ከውኃ የተሠራ መሰለው፤ ግማሽ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ አየር ነው። ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውኃን ከሥር እየወሰደ በብርሃን ኃይል ስኳር ያዘጋጃል፤ ግንዱም ቅርንጫፉም ከዚያ ስኳር ይገነባል። ከአንድ ተክል ደረቅ ክብደት ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው። ከአፈር የመጣው ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ፋብሪካው አይንቀሳቀስም።

ደጅና ቤት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ታወርዳለች፤ በደንብ የበራ ቢሮ 500 ቢደርስ ነው። ዓይናችን ሁለቱንም ለምዶ ስለሚያቀራርባቸው ልዩነቱ አይታወቀንም፤ ለቅጠል ግን የጠገበና የተራበ ሰው ያህል ይራራቃሉ። ሥሩም እንዲሁ ነው። በሸክላ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ የታሰረ ሥር ግድግዳ ሲነካ ያን መልእክት ወደ ላይ ይልካል፤ ተክሉም ያንኑ ያህል ይቆጠባል። ብዙ ሙከራዎችን አሰባስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች የዕቃው መጠን በእጥፍ ሲጨምር የተክሉ ክብደት በአማካይ 43 በመቶ እንደሚጨምር አግኝተዋል። ሜዳ ላይ ደግሞ ዕቃ የለም።

ዕድገቱ እንደ ባንክ ወለድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ወጣት ተክል ያገኘውን ስኳር አያባክንም፤ አዲስ ቅጠል ይሠራበታል፤ አዲሱ ቅጠል ደግሞ ሌላ ስኳር ያመጣል። ወለዱ ዋናው ላይ ይጨመራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወለዱም ይወልዳል። ከዚህ የተነሣ በመጨረሻ የሚጨመር አንድ ወር ከመጀመሪያው ወር ጋር አይወዳደርም፤ የመጀመሪያው ወር የክንድ ያህል ቢያሳድግ የአምስተኛው ወር ጭማሪ የሰው ቁመት ይሆናል። (ቅጠል ቅጠልን እየጋረደ ሲሄድ ወለዱ መቀነሱ አይቀርም፤ ዛፍ ሰማይ የማይነካው ለዚህም ነው።) ማበብ ማለት እንግዲህ ቁጠባውን ዘግቶ ገንዘቡን ማውጣት መጀመር ነው። መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ማን ነው?

አላብብም ያለው ትምባሆ ምን አስተማረ?

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ከራሱ ከሄምፕ ነው። ዡልየን ቱርኑዋ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ሄምፕንና የቅርብ ዘመዱን ሆፕን በቅዝቃዜው ወቅት በመስታወት ቤት ውስጥ ይዘራ ነበር። ቡቃያዎቹ ገና ጥቂት ቅጠል ሳሉ አበቡ። በጸደይ የተዘሩት ግን ወራት ወሰደባቸው። ሙቀትና እርጥበትን እየለዋወጠ ሞከረ፤ መንሥኤው የቀኑ ማጠር፣ እንዲያውም ከቀኑ ማጠር ይልቅ የሌሊቱ መርዘም ሳይሆን አይቀርም ብሎ በ1914 ጻፈ። ነገሩን ከዳር ሳያደርስ ጦርነቱ ነጠቀው።

ታሪኩን የቀጠሉት ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ናቸው። በሜሪላንድ ግዛት ከትምባሆ ማሳ መካከል አንድ ጉድ ወጥቶ ነበር፤ ሌሎቹ አብበው ሲጨርሱ እርሱ ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረደረ ከሦስት ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ቅጠል የሚያወጣ ዓይነት። ሜሪላንድ ማሞዝ አሉት። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ ትምባሆ አልነበረም፤ ችግሩ ዘር አለመስጠቱ ነው። ውርጭ ሳያብብ ይደርስበታል። ወደ ግሪንሃውስ ሲያስገቡት ግን በታኅሣሥ አካባቢ ያብባል። በቅዝቃዜው ወቅት ከዘር ያበቀሉት ደግሞ አንድ ሜትር ሳይሞላ አበበ።

ሁለቱ ሰዎች ሙቀቱን ጠረጠሩ፤ አልሆነም። አፈሩን፣ ውኃውን፣ ማዳበሪያውን ጠረጠሩ፤ አልሆነም። በ1918 ሐምሌ ወር ላይ መስኮት የሌለው ትንሽ ጎጆ ሠርተው ትምባሆና አኩሪ አተር የያዙ ዕቃዎችን ከሰዓት በኋላ ያስገቡ፣ ጠዋት ያወጡ ጀመር። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ለእነዚያ ተክሎች መሽቶ ነበር። በጎጆው ያደሩት በሞቃቱ ወቅት እምብርት ላይ አበቡ፤ ውጭ የቀሩት ወንድሞቻቸው ማደጋቸውን ቀጠሉ። ውጤቱን በ1920 ሲያሳትሙ ለክስተቱ ፎቶፔሪዮዲዝም የሚል ስም ሰጡት፤ የተክል አካል ለቀንና ለሌሊት ርዝመት የሚሰጠው ምላሽ ማለት ነው።

በብዙ የአኩሪ አተር ዓይነቶች ላይ አርሶ አደሮችን ሲያስገርም የነበረ ጠባይም በዚሁ ተፈታ። በተለያየ ሳምንት ቢዘራም ሁሉም የሚያብበው በአንድ ሰሞን ነው። ቀድሞ የተዘራው ትልቅ ሆኖ ያብባል፣ ዘግይቶ የተዘራው ትንሽ ሆኖ ያብባል። ካናቢስም ከዚሁ ወገን ነው። ሌሊቱ ከተወሰነ ርዝመት ሲያልፍ የሚያብቡት እነዚህ ተክሎች የአጭር ቀን ተክል ተብለው ይጠራሉ።

ስሙ ለምን ያሳስታል?

ምክንያቱም ተክሉ ቀኑን አይቆጥርም። በ1938 ሐምነርና ቦነር የተባሉ ተመራማሪዎች ፍሬው እንደ እሾህ ከልብስ ጋር የሚጣበቅ አንድ አረም ይዘው ነገሩን ለዩት። አረሙ ለማበብ ከስምንት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጨለማ ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት ብቻ ይበቃዋል። ረዥሙን ሌሊት መሐል ላይ ለጥቂት ደቂቃ በብርሃን ሲያቋርጡት ማበቡ ቀረ። ቀኑን በጨለማ ሲያቋርጡት ግን ምንም አልመሰለውም። ቆጣሪው ያለው ሌሊት ላይ ነው፤ ጨለማውም ያልተቆረጠ መሆን አለበት። ስሙ ግን ቀድሞ ወጥቷልና «አጭር ቀን» እንደተባለ ቀረ። «ረዥም ሌሊት» ቢሆን ስንቱን ተማሪ ከግራ መጋባት ባዳነ!

አበባ አምራቾች ይህን ከሰሙ በኋላ አልተኙም። ክሪሳንተመም የአጭር ቀን ተክል ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሲበራለት ለማበብ ይዘገያል፤ በጥቁር ሸራ ሲሸፈን ይፈጥናል። ዓመቱን ሙሉ በአበባ መሸጫ የሚገኘው በዚህ ብልኃት ነው። በቤት ውስጥ የሚበቅለው ካናቢስ የሚያጥረውም በአብዛኛው ስለዚህ ነው፤ አሳዳጊው ሌሊቱን ወደ 12 ሰዓት ሲያረዝምበት ቁጠባው ገና በወጣትነቱ ይዘጋል። ደጅ ያለውን ግን ማንም አያጣድፈውም።

በጨለማ የሚቆጥረው ምኑ ነው?

በቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። ሁለት መልክ አለው፤ ቀይ ብርሃን ሲነካው ወደ ንቁው መልክ ይዞራል፤ ከዓይናችን ማየት ጫፍ ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ ሲነካው፣ ወይም በጨለማ ሲቆይ፣ ወደ አንቀላፋው ይመለሳል። አንዴ ከበራ በኋላ ቀስ እያለ የሚጠፋ መብራት አድርጋችሁ አስቡት። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ እንደ አሸዋ ሰዓት ነው ተብሎ ታስቦ ነበር፤ አሸዋው ፈስሶ ሲያልቅ ሌሊቱ ረዝሟል ማለት ነው። ኋላ ላይ የበለጠ ረቂቅ ሆኖ ተገኘ። ተክል እንደ እኛ የ24 ሰዓት የውስጥ ሰዓት አለው፤ ፋይቶክሮም ብርሃን መኖር አለመኖሩን ይነግረዋል፤ ውሳኔው የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ዘበኛው በሩን በተወሰነ ሰዓት ይከፍታል፤ በዚያ ሰዓት ውጭ ብርሃን ይኑር አይኑር ያያል፤ ያየውን ይናገራል።

ለማን ይናገራል? የሚያየው ቅጠል ነው፤ የሚያብበው ደግሞ የቅርንጫፉ ጫፍ ነው። በሶቭየት ኅብረት የሠራው ሚካኤል ቻይላኽያን በ1930ዎቹ ከቅጠል ወደ ጫፍ የሚጓዝ መልእክተኛ መኖር አለበት ብሎ ፍሎሪጅን አለው። ረዥም ሌሊት ያየ ቅጠል ከአንዱ ተክል ተቆርጦ ገና ባላየው ተክል ላይ ሲቀጠል ያንን ተክል ያሳብበዋልና መኖሩ ግልጽ ነበር፤ ማንነቱ ግን አልተያዘም። ለ70 ዓመት ያህል ስም ብቻ ሆኖ ቆየ፤ አንዳንዶች ተረት ነው እስከማለት ደርሰው ነበር። በ2007 ኤፍቲ የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን ከቅጠል ተነሥቶ በስኳር ማመላለሻው ቧንቧ ወደ ጫፍ እንደሚጓዝ ታየ። ሽማግሌው ትክክል ነበር።

ሙሉ ጨረቃስ አታሳስትም ወይ? ብርሃኗ አንድ ሉክስ እንኳ አይሞላም፤ ለአብዛኞቹ ተክሎች ከጨለማ አይለይም። የመንገድ መብራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

አንዱ ዘር እዚህ ግዙፍ እዚያ ድንክ የሚሆነውስ?

በምድር ወገብ ላይ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የሰኔ ቀን 15 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ በ60 ዲግሪ ወደ 19 ይጠጋል። ተክል የአገሩን ሌሊት በትውልድ ብዛት የተማረ ነው። የሰሜን ሄምፕ ውርጭ እንዳይቀድመው አጠር ያለ ሌሊት ሲያይ ይቸኩላል፤ የደቡቡ አይቸኩልም።

አሁን ቦታ አለዋውጧቸው። የሰሜኑ ዘር ወደ ምድር ወገብ ሲወርድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ረዥም ሌሊት ያጋጥመዋል፤ ጉልበት ሳይደርስ ያብባል። የደቡቡ ወደ ሰሜን ሲወጣ የሚጠብቀው ሌሊት እስከ መስከረም ስለማይመጣለት መግዘፉን ይቀጥላል። የገመድ ሄምፕ የሚያመርቱ የአውሮፓ ገበሬዎች ሳይንሱ ከመገኘቱ አስቀድሞ ይህን ያውቁ ነበር፤ ከደቡብ ያመጡት ዘር ረዥም አገዳ ይሰጣቸዋል፤ ዘሩ ግን ብርዱ ከመምጣቱ በፊት አይደርስም። ስለዚህ በየዓመቱ ዘር መግዛት ነበረባቸው። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ የምናያቸው ግዙፍ ተክሎች አብዛኞቹ ከዚህ ሒሳብ የተገኙ ናቸው፤ ረዥም የሞቃት ወቅት ቀን፣ የዘገየ ረዥም ሌሊት፣ ዘግይቶ የሚመጣ ውርጭ።

ሌሊትን የማይቆጥር ካናቢስም አለ። የሩሲያው ጃኒሼቭስኪ በ1924 ሩደራሊስ ብሎ የገለጸው የመንገድ ዳር ዓይነት በዕድሜው ብቻ ያብባል። ወቅቱ አጭር በሆነበት ምድር የኖረ ነውና ለመግዘፍ ጊዜ አያባክንም፤ ጉልበት ያህል ሆኖ ይጨርሳል።

«ኦርጋኒክ» መሆኑ ምን ይጨምራል?

ኦርጋኒክ ማለት በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይጠቀሙ ማምረት ማለት ነው። ብዙዎች ከዚህ በላይ ትርጉም ይሰጡታል።

ሥር ፍግ አይበላም። ፍግና ብስባሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በትላልቅ ሞለኪውሎች ተቆልፎ የተቀመጠ ነው፤ ባክቴሪያና ፈንገስ ሰባብረው አሞኒየምና ናይትሬት ሲያደርጉት ብቻ ሥር ይወስደዋል። ከማዳበሪያ ከረጢት የመጣው ናይትሬትና ከፍግ የመጣው ናይትሬት ሥሩ በር ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው፤ ተክሉ የትውልድ ማስረጃ አይጠይቅም። ልዩነቱ በአመጣጡ ፍጥነትና በአፈሩ ላይ ነው። ከረጢቱ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ዝናብ ከመጣ ጠርጎት ይሄዳል። ብስባሽ እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ጥቃቅኑ ሕይወት ይነቃል፣ ምግቡም ተክሉ በሚፈልገው ጊዜ ይበዛል። አምስት ወር ለሚያድግ ትልቅ ተክል ይህ ቋሚነት ዋጋ አለው። ብስባሽ የበዛበት አፈር ውኃም ይይዛል፤ አየርም ያስገባል።

በሥር ላይ የሚኖሩት ፈንገሶችም አሉ። ከሥር ፀጉር እጅግ የቀጠኑ ክሮቻቸውን ሥር ወደማይደርስበት ስንጥቅ ይልካሉ፤ ፎስፈረስ ያመጣሉ፣ በምትኩ ስኳር ይቀበላሉ። ፎስፈረስ በማዳበሪያ ከልክ በላይ ሲሰጥ ተክሉ ስኳሩን መክፈል ያቆማል፤ ሽርክናው ይፈርሳል።

ኦርጋኒክ ማለት ንጹሕ ማለት ግን አይደለም። ሄምፕ በአፈር ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ወደ አካሉ ከሚስቡ ተክሎች አንዱ ነው፤ በ1990ዎቹ በቼርኖቤል አካባቢ የተበከለ አፈር ያጸዳ እንደሆነ ለመፈተን ተተክሏል። እንዲህ ያለ ተክል በተበከለ ቦታ ላይ የቱንም ያህል በፍግ ቢያድግ የአፈሩን ጉድ ይዞ ይወጣል። በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ውስብስብ አለ፤ ካናቢስ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ በመሆኑ የፌዴራሉ መንግሥት የኦርጋኒክ ማረጋገጫ አይሰጠውም፤ ለሄምፕ ግን ይሰጣል።

ካናቢስ ለማይነካው ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?

አኩሪ አተርን እንውሰድ። ዘሮቹ ለሌሊት ባላቸው ምላሽ በቁጥር ተመድበው ይሸጣሉ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲኬድ ሌላ ምድብ ያስፈልጋል። ወደ ብራዚል ሞቃታማ ሜዳዎች በቀጥታ የተወሰደው ዘር የቀኑን ማጠር አይቶ ገና በድንክነቱ ያብብ ነበር፤ ምርት አልነበረውም። የብራዚል ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወጣትነቱ ረዘም የሚል፣ ረዥም ሌሊት ቢያይም ለጊዜው ችላ የሚል ዘር አዳቀሉ። ብራዚል ዛሬ በዓለም ቀዳሚዋ አኩሪ አተር አምራች የሆነችው ያለ እነዚህ ዘሮች አይደለም።

የአየር ንብረት ሲሞቅ ሰብሎችን ወደ ዋልታዎቹ ወጣ ማድረግ ይቻላል የሚለው ሐሳብም እዚህ ላይ ይፈተናል። ሙቀቱ ይዛወራል፤ ሌሊቱ አይዛወርም። በ55 ዲግሪ ላይ ያለው የሰኔ ሌሊት የዛሬ ሺህ ዓመትም ያው ነበር። ዘሩ አዲስ ቆጠራ ካልተማረ ሙቀቱ ብቻውን አያሳብበውም።

የመንገድ መብራቱም እነሆ። በአውራ ጎዳና ዳር አኩሪ አተር የሚዘሩ ገበሬዎች በመከር ሰሞን የሚያዩት ነገር አለ፤ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ቅጠሉ ረግፎ፣ ለአጨዳ ሲደርስ፣ በየምሰሶው ሥር ያለው ክብ ብቻ ለምለም እንደሆነ ይቆማል። ሌሊቱ አልመሸለትም።